ያልታመመው ጉልበት

ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አክስቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ዓይንዎስ? የስፌት መኪናውስ እንደ ድሮው ይነጫነጫል ወይስ አደብ ገዛ? እኔ፣ ባለቤቴና ልጄ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ሥራም ሞልቷል። የዚህ ከተማ ሰው ደረጃ መውጣት እስከሰነፈ ድረስ ሊፍት ጠጋኝ ሥራ ፈትቶ አይውልም።

እሽጉ ደርሶኛል። የመጋቢያችሁ እህት ለጉብኝት ሲመጡ እቤቴ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ብርድ የማይበሳው ጥቁር ሰማያዊ ሹራብ ነው፤ እንደኔ ያለውን ሁለት ሰው ይይዛል። እጄን ሰድጄ ልለካው ስል ሴትዮዋ ቀሙኝ። «ያንተ አይደለም፣ የአባትህ ነው! በእጃቸው ካላስረከብኩ እማማ ኪሮሽ ቁም ስቅሌን ነው የምታሳየኝ» አሉ።

እማማ ኪሮሽን እንዴት እረሳለሁ? ልጆች ሳለን ክር በእጃችን አስይዘው እንደ አጥር እንጨት ያቆሙን ነበር። ግን የአባቴን ሹራብ ለምን ወደኔ እንደላኩት ሊገባኝ አልቻለም።

«አባትህ ሥራ ሄዱ?» አሉኝ ሴትዮዋ። «አዎ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

«በዚህ ዕድሜያቸው? ያ ጉልበታቸው እንኳን ዳነላቸው!»

«አዎ፣ ተመስገን» አልኩ። አባቴ ጉልበቱን ታሞ እንደነበር የሰማሁት ያኔ ነው። ሴትዮዋ አባትህ ሳይመጡ አልሄድም ብለው ተቀመጡ። ባለቤቴ ሥራ ላይ ነበረች። ልጄ ከመኝታ ቤት ብቅ አለችና «አያቴ እኮ ሞቷል» አለቻቸው። የእናቷን አባት ማለቷ ነው ብዬ ሸፋፈንኩት። በመጨረሻ ቀጠሮ ስላለባቸው ሹራቡን ለእኔ አደራ ብለው ወጡ።

አክስቴ፣ አባቴ የት እንዳለ እርስዎም እኔም እናውቃለን። ታዲያ ከመቼ ጀምሮ ነው እኔ ቤት የሚኖረው?

አክባሪዎ፣ ልጅዎ


ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ከወንድሜ ተወልደህ በእኔ ጓዳ ላደግኸው ልጄ፤

ሰላምታዬ ባሕሩን ተሻግሮ ይድረስህ። እግዚአብሔር መግቢያ መውጫህን ይጠብቅልህ፣ የምትጠግነውን ብረት ሁሉ ይታዘዝልህ፣ ልጅህን ያሳድግልህ፣ ሚስትህን ይባርክልህ። እኔ ደኅና ነኝ። ዓይኔ ክር በመርፌ ማስገባት አቅቶታል እንጂ ሌላውን ያያል። መኪናው ቀበቶው ላልቷል፤ እዚያ አገር የሚገኝ ከሆነ አንድ ብትልክልኝ። የትምህርት ቤቱ ዩኒፎርም ደርሶብኛል፤ ቤቱ በሙሉ ግራጫ ጨርቅ ሆኗል፤ ምግብ ውስጥ ሳይቀር ክር አገኛለሁ። ጣሪያውም ማፍሰስ ጀምሯል። ጎረቤቴ ደግሞ ያቺ ድመቷ…

እሺ። ይብቃ። ጠይቀኸኛል፤ እመልሳለሁ።

አባትህ እስር ቤት የገባ ሰሞን እሑድ ጉባኤ ሄድኩ። ጥፋቱ የተፈጸመው በሌላ ከተማ ስለሆነ እዚህ ወሬው አልደረሰም። ጠጥቶ ሲነዳ ሰው መግጨቱን፣ የገጨውን መንገድ ላይ ጥሎ መሸሹን፣ ሰውዬውም መሞቱን ማን ያውቃል? በሩ ላይ ግን «ወንድምሽስ? ጠፋ» ተባልኩ። ሌላ ነገር ለመናገር ነበር አፌን የከፈትኩት። «ልጁ ጋ ሄደ» አልኩ። በቃ፣ ይኸው ነው።

ይኸው ነው ስል ግን ዋሸሁ፤ በዚያማ መች አቆመ። የሴቶች ጸሎት ክፍል ያዘው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስድስት ዓመት ሙሉ «በባዕድ አገር ያለውን ወንድማችንን አስበው» እያሉ ይጸልያሉ። በየሳምንቱ «ምን አለ?» ይሉኛል፤ «ሰላም ብሏችኋል» እላለሁ። ሁልጊዜ ደኅና ነው ማለት ደግሞ አፌ ላይ ከበደኝ። አንድ ቀን «ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል» አልኩ። ወዮልኝ! ጾም ታወጀለት። ሳምንት አለፈ፣ ወር አለፈ፣ እማማ ኪሮሽ በየጊዜው «ጉልበቱስ?» ትለኛለች። ምን ላድርግ? «ዳነ» አልኩ። መድረክ ላይ አውጥተው አስመሰከሩኝ። ያልታመመ ጉልበት ዳነ ብዬ ማይክራፎን ይዤ አለቀስኩ። ለቅሶው እንኳን የእውነት ነበር። ጉባኤው ሃሌ ሉያ ሲል እኔ ጫማዬን ጫማዬን ነበር የማየው።

ልጅህ ለምን እንደዚያ እንዳለች አልጠይቅህም።

አሁን ግን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። በጥር ወር ይፈታል። ከእስር ቤት ወጥቶ በዚህ መንደር እንዴት ይሄዳል? እኔስ የት እገባለሁ? ውሰደው። ያልኩት እውነት ይሁንልኝ። ቀበቶውን ተወው፣ ይቅር።

የማትረሳህ አክስትህ


ታኅሣሥ 28 ቀን

ለማከብርዎ አክስቴ፤

ጤናዎን እየተመኘሁ፣ መልሱን በማዘግየቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር ልል አሰብኩ። ሥራ አልበዛብኝም።

ልወስደው አልችልም። ወረቀቱ ከባድ ነው፣ ቤታችን ጠባብ ነው፣ የእስር ታሪክ ያለበትን ሰው ይህ አገር አያስገባም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ባይሆንም ኖሮ ግን ሌላ ምክንያት እፈልግ ነበር።

ልጄ ያለችውን አልጠይቅህም ብለዋል፤ እኔ ልንገርዎ። ባለቤቴን የተዋወቅኋት እርሱ ገና ሳይታሰር፣ በስካሩ በማፍርበት ዘመን ነው፤ «አባትህስ?» አለችኝ፤ «ሞቷል» አልኳት። አዝናልኝ እጄን ያዘችኝ። ያን ጊዜ ልመልሰው አልቻልኩም፤ ከዚያ ወዲህማ በየዓመቱ እየባሰ ሄደ። እርስዎ ውጭ አገር ላኩት፣ እኔ ቀበርኩት። ከሁለታችን እርስዎ ይሻላሉ።

ከእስር ቤት ይጽፍልኝ ነበር፤ በመሥሪያ ቤቴ አድራሻ። ሁሉንም አንብቤያለሁ፤ ለአንዱም አልመለስኩም። ምን ብዬ? ወንድ ልጅ በአባቱ ሲያፍር ራሱም ያሳፍራል፤ እኔም በራሴ ስላፈርኩ ብሶ እርሱን እሸሻለሁ። ስለ እኔ ይጠይቃል ወይ? ቢጠይቅም አይንገሩኝ።

ቀበቶውን ልኬያለሁ።

ልጅዎ


ጥር 27 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

በረከት ይብዛልህ። ቀበቶው ገጠመ፤ መኪናው አሁን ዝም ብሎ ነው የሚሠራው፣ ቤቱ ጭር አለብኝ።

ወጥቷል። እዚህ ነው። ጨርቅ የምቆርጥበት የኋላ ክፍል ውስጥ አስተኝቼዋለሁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አስገባሁት፣ ሰው እንዳያየው። ወንድሜን እንደ ሌባ ዕቃ በጓሮ በር አስገባሁት፤ እርሱም አልከፋውም፤ «የቱ ነው በሩ?» ብቻ አለኝ።

ከስቷል። ድሮ ሁለት ሰው የሚያህለው ሰውዬ አሁን ትከሻው እንደ ልብስ መስቀያ ሆኗል። የሚገርምህ በር አይከፍትም። እጀታው አጠገብ ይደርስና ቆሞ ይጠብቃል። «ክፈተው እንጂ፣ የገዛ ቤትህ ነው» ስለው ደንግጦ ይከፍታል፤ ነገ ደግሞ እንደገና ቆሞ አገኘዋለሁ። ቀን ቀን የዩኒፎርም ቁልፍ ይተክልልኛል። እዚያ ነው የተማረው፤ ከእኔ የተሻለ ይተክላል። ደንበኛ ሲመጣ በሩን እዘጋበታለሁ፤ ሳል ቢመጣበት እንኳ አፉን በጨርቅ አፍኖ ይይዘዋል። ያንን ሳል ስሰማው መሬት ብትከፈትልኝ እላለሁ፤ ግን በሩን አልከፍትም።

እንዲህ አይዘለቅም። ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። በመጋቢት አንድ እሑድ ከውጭ አገር እንደመጣ አድርጌ ወደ ጉባኤ እወስደዋለሁ። ሻንጣ ከጎረቤት እዋሳለሁ። አንተ ደግሞ ስለዚያ አገር ጻፍልኝ፦ አውቶቡሱ ምን ዓይነት ነው፣ በረዶው ምን ይመስላል፣ ሰዎቹ ምን ይበላሉ፣ አንተ ጠዋት በስንት ሰዓት ትወጣለህ። ሰው መጠየቁ አይቀርም፤ እናጥናው። ለእርሱ ስነግረው የያዘውን ቁልፍ ተክሎ ጨረሰና «አንቺ እንዳታፍሪ ከሆነ ያልሽውን እላለሁ» አለኝ።

ስለ አንተ ይጠይቃል። አትንገሪኝ ብለሃል፤ እኔ ደግሞ ምን ጊዜም የታዘዝኩትን ሰምቼ አላውቅም። «ልጁ ጻፈ?» ይለኛል። ፖስታ ቤቱ ሰነፍ ነው እለዋለሁ።

አክስትህ


የካቲት 15 ቀን

ለአክስቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የጠየቁኝን እነሆ። ያንብበው፤ ግን ከእኔ ነው አይበሉት።

አውቶቡሶቹ ረጅም ናቸው፣ መሐላቸው እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። በረዶው ሲጥል ነጭ ነው፣ በሦስተኛው ቀን የጭቃ መልክ ይይዛል፤ ስለ ነጭነቱ ብዙ አያውራ፣ የኖረበት ሰው ስለ መንሸራተቱ ነው የሚያወራው። እኔ ከቤት የምወጣው ገና ሳይነጋ ነው። ልጄን ተኝታ እስማታለሁ። ስትተኛ ቡጢዋን ጨብጣ ነው፣ የሆነ ሰው ሊቀማት የመጣ ይመስል። ሰባት ዓመቷ ነው። የፊት ጥርሷ ወልቋል፤ ስትስቅ በእጇ ትሸፍነዋለች። መሳቅ ግን አታቆምም።

ሥራዬ እንዲህ ነው። ሰው ሊፍት ውስጥ ሲቀረቀር ይደውሉልናል። ገመዱንም ሞተሩንም ከመንካታችን በፊት መጀመሪያ የምናደርገው በሩ ላይ ተጠግቶ ማናገር ነው። «መጥቻለሁ፣ እዚህ ነኝ፣ ይሰማዎታል?» እንላለን። የመጀመሪያ ቀን አለቃዬ ያስተማረኝ እሱን ነው፤ ውስጥ ያለው ሰው ድምፅ ካልሰማ በሩን ሊሰብር ይችላል፣ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ስንቱን የማላውቀውን ሰው በብረት በር በኩል አጽናንቻለሁ።

እዚህ ስደርስ እጄ ቆመ። ሦስት ገጽ ጽፌያለሁ፤ ለአባቴ በስድስት ዓመት ውስጥ አንድ መስመር ጽፌ አላውቅም። አሁን የጻፍኩት እንኳ እንዲዋሽበት ነው።

ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።


መጋቢት 30 ቀን

ይድረስ ለልጄ፤

እንደምን ከርመሃል? የሰላም አምላክ ልብህን ያረጋጋልህ። ይህን የምጽፈው ከኋላው ክፍል ነው። ለምን እንደሆነ ቀስ ብለህ ትደርስበታለህ።

ሄድን። ሱፉን አጥቤ ተኩሼ፣ አንተ የላክኸውን ወረቀት በቃሉ አስጠንቼ። ወረቀቱን ሲያጠና ስለ ልጅህ ጥርስ የጻፍከው ላይ እየደረሰ ያቆም ነበር። «ይኼኛው አይጠየቅም፣ እለፈው» ስለው፣ «እኔ ልጠይቀው እንጂ» ይለኛል። ከማን እንደሆነ አልነገርኩትም። የልጁን የእጅ ጽሑፍ መች አጣው?

መጋቢው «ከውጭ የመጡት ወንድማችን ሰላምታ ያቅርቡልን» አሉ። ወጣ። መድረኩ ላይ ሲቆም ጉባኤው አጨበጨበ። ማይክራፎኑን ያዘና «እዚያ አውቶቡሱ መሐሉ ይታጠፋል» አለ። ሰው ሳቀ። እኔም «እሰይ» አልኩ በሆዴ። ከፊት የተቀመጠች አንዷ «ጉልበትዎስ?» አለችው ጮክ ብላ።

ማይክራፎኑን ወደ አፉ አስጠጋ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ጉልበቴን አሞኝ አያውቅም» አለ።

ልጄ፣ ወንበሩ ሥር መግባት ቢቻል እገባ ነበር። ቀጠለ፦ «ውጭ አገር ሄጄም አላውቅም። የነበርኩት እስር ቤት ነው። ጠጥቼ እየነዳሁ ሰው ገድያለሁ። ወርጄ ባነሳው ምናልባት ይተርፍ ነበር፤ አላነሳሁትም። እህቴን አትቀየሟት፤ ለእኔ ብላ ነው። እኔም ዛሬ ለእሷ ብዬ ልዋሽ ነበር፤ ግን ስለ ጉልበቴ ስትጠይቁኝ አቃተኝ። የጸለያችሁት የእውነት ነው፤ እኔ ነኝ ውሸቱ።»

ሁለት ቤተሰብ ልጆቻቸውን እየጎተቱ ተነሥተው ወጡ። አልፈርድባቸውም። ደግሞም አልዋሽህም፤ እስከዛሬ ሰላም አይሉንም።

እርሱ ግን ገና አልጨረሰም። «እዚያ የገባሁ ጊዜ እግዚአብሔር እኔን ጥሎኛል ብዬ ቆርጬ ነበር» አለ። «ሰው ጥዬ የሄድኩ ሰው ነኝ፤ እኔም ብጣል ሐቅ ነው። እህቴ ልትጠይቀኝ ስትመጣ እያፈረች ነገረችኝ፤ ስለ አንተ ይጸልያሉ፣ ግን ውጭ አገር ነህ ብለው ነው አለችኝ። ሳቅኩ። ከዚያ ማታ አሰብኩት። ሰዎቹ አድራሻዬን ተሳስተዋል፣ እግዚአብሔርስ ይሳሳታል? ከዚያ ቀን በኋላ እሑድ እሑድ ጸሎታችሁ የሚጀመርበትን ሰዓት ጠብቄ ተነሥቼ እቆም ነበር። ደርሶኛል።»

ይኼኔ እማማ ኪሮሽ ተነሣች። ታውቃታለህ፣ ስትነሣ ወንበሩም አብሮ ይነሣል። በቁጣ ጦፋለች። «እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ከብርድ ጠብቀው እያልኩ ስለምን ነው የኖርኩት!» አለች። «የት እንዳለህ ብታሳውቁን ኖሮ ሌላ ነገር እለምን ነበር! ጸሎቴን አባከናችሁብኝ!»

እርሱ ዝቅ ብሎ አያትና «እዚያም ይበርዳል እማማ» አላት።

ሴትዮዋ እየተንገዳገደች መድረኩ ድረስ ሄዳ ጆሮውን ያዘችው፤ እንደ ልጅ፣ በሰው ሁሉ ፊት። «ማነው እዚያ ጠያቂ የሌለው?» አለችው። «አንድ ልጅ እግር አለ፣ ዝምተኛው ነው የምንለው» አላት። «ቁመቱስ?» አለችው። አሁን የጸሎት ክፍሉ በሙሉ ሹራብ ይሠራል፤ አባትህ የተሠራውን ወደ እስር ቤቱ ይዞ ይሄዳል። ልብ በል፣ ከስድስት ዓመት በኋላ ያስወጣውን በር ራሱ አንኳኩቶ ይገባል።

አሁን ወደ እኔ ልምጣ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ጉባኤ አልሄድኩም። እርሱ ነፍስ አጠፋ፣ እኔ ጉልበት ፈወስኩ፤ ይቅርታውን እርሱ ተቀበለ፣ እኔ ተደበቅሁ። ሰው አይቶ ምን ይለኛል? ማይክራፎን ይዤ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ለእርሱ ተስፋ አለ ብዬ ሁልጊዜ አምን ነበር። ለነፍሰ ገዳይ፣ ለሰካራም፣ ለሌባ አለ። ለእንደኔ ዓይነቷ ጨዋ ውሸታም ይኑር አይኑር ግን አስቤው አላውቅም፤ ያስፈልገኛል ብዬ ስላልጠበቅሁ።

እርሱ እሑድ እሑድ ሱፉን ለብሶ የዚህ ክፍል በር ላይ ቆሞ ነው የሚውለው። «ካልሄድሽ አልሄድም» ይላል። «አንተን ይፈልጉሃል» ስለው፣ «አንቺ እኮ ስድስት ዓመት ሙሉ ስንቅ ይዘሽ እዚያ በር ላይ ስትሰለፊ የትኛዋ ነኝ ብለሽ ነበር? ውሸታሟ ነሽ ወይስ የመጣሽው?» አለኝ።

ምንም እንድትልክልኝ አልፈልግም። ጸልይልኝ። በትክክል አድራሻዬን ልንገርህ፤ ጨርቅ መቁረጫው ክፍል ውስጥ ነኝ።

አሁንም ቆሟል። ጫማው ይሰማኛል። ደብዳቤውን እዚህ ላይ ላቁመውና ሻርፔን ልፈልግ።

አክስትህ


ሚያዝያ 24 ቀን

ይድረስ ለአባባ፤

ጤና ይስጥልኝ። እግዚአብሔር… እንዴት እንደሚጀመር አላውቅም። ብዙ ወረቀት ቀድጃለሁ። ለአክስቴ ስጽፍ ሰላምታው ራሱ ይመጣልኝ ነበር፤ ላንተ ሲሆን «እንደምን ነህ» ማለት እንኳ ያሳፍራል። እንደምን እንደሆንክ ስትጽፍልኝ ኖረሃል፤ ያልመለስኩት እኔ ነኝ።

ለባለቤቴ ነገርኳት። አብሬያት የኖርኩት ውሸት ይዤ መሆኑን ስትሰማ መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ድስቱን አስቀመጠችና «ሌላ ማንን ቀብረሃል?» አለችኝ። ብዙ ቀን አላናገረችኝም። አሁን ታናግረኛለች፣ እንደ ድሮው ግን አይደለም። ይገባኛል።

ልጄን ለብቻዋ አስቀምጬ ነገርኳት። ሰው መግጨትህንም፣ ጥለኸው መሄድህንም አልደበቅኋትም፤ ከአሁን በኋላ ስላንተ ግማሽ ነገር መናገር አልፈልግም። ብዙ አሰበች። «ተቆጥተኸው ነው ሞቷል ብለህ የገደልከው?» አለችኝ። አዎ ማለት ይቀለኝ ነበር፤ ቁጣ እንኳ ክብር አለው። «አይ፣ አፍሬበት ነው» አልኳት። «አሁንስ?» አለችኝ።

አሁን የማፍረው በሌላ ነው፣ አባባ። አንተ በሰው ሁሉ ፊት ቆመህ የተናገርከውን እኔ በአንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ፊት ለመናገር ላብ አጠመቀኝ። ይቅር በለኝ ለማለት ይህን ያህል ወረቀት ፈጀሁ፤ ይኸው አልኩት፦ ይቅር በለኝ።

መልስ ባትጽፍልኝ አልቀየምም። ስድስት ዓመት አንተ ጠብቀሃል፤ ተራው የእኔ ነው። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስወርድ የፖስታ ሳጥኑን ከፍቼ አያለሁ።

ልጅህ